ሰባተኛው ድምፅ

«አይሆንም» የምትባለው ቃል ለሰው ልጅ ስትታደል እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም። ምናልባት ወረፋ ይዤ ነበር፤ አንዱ መጥቶ «ቸኩያለሁ፣ ልለፍ?» ሲለኝ «እሺ» ብዬ አሳልፌው ቃሏ እሱ ላይ አልቃ ይሆናል። ብቻ ይኸው አርባ ስድስት ዓመት ያለሷ ኖሬያለሁ። ፀጉር አስተካካዬ «ትንሽ ላሳጥረው?» ባለኝ ቁጥር እሺ ስለምል ዓመቱን ሙሉ ትናንት ከሐጅ የተመለስኩ እመስላለሁ። ከአዟሪ የገዛኋቸው አምስት የፀሐይ መነጽሮች አሉኝ፤ ዓይኔ ግን እንደናንተው ሁለት ነው። ባለቤቴ ነጂማ ደግሞ፣ «እንጋባ ብዬ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። ሌላዋ ቀድማኝ ብትጠይቅህ ኖሮ ዛሬ የሷ ባል ነበርክ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ይህ ጠባይ ቤት ውስጥ ሲሆን ጉዳቱ ለኔና ለፀጉሬ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ ግን ሰው ይጎዳል። የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

አባቴ ከድሬዳዋ ጨርቅ ሊነግድ መጥቶ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ የቀረ ሰው ነው። እኔ ሜትር ይዤ ጨርቅ መለካት ስላልሆነልኝ (ደንበኛ «ጨምርልኝ» ሲለኝ እጨምራለሁ) ከሱቅ ወጥቼ ከአርሂባ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መዝገብ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ዩኒቨርሲቲ ስላችሁ ሰፊ መስክና የሰዓት ማማ እንዳይታያችሁ። ሁለት ፎቅ ነው። ግቢው መሐል አንድ ዛፍ አለ፤ ጥላው ሥር መቀመጫ ለማግኘት መምህራንም ተማሪዎችም በማለዳ ይመጣሉ። ዩኒቨርሲቲያችን ትምህርቱ ባያስቀድመንም ጥላው ሰዓት አክባሪ አድርጎናል።

በየዓመቱ መጨረሻ ከበጀቱ ትንሽ ይተርፋል። ዓምና የተረፈውን ለስፖርት፣ ለቤተ ሙከራና ለቴአትር እኩል አካፍለነው ነበር። እኩልነት ደስ ሲል! ስፖርት ክፍል ኳሶች ገዛና ለመንፊያው አልበቃው አለ፤ ኳሶቹ እስከዛሬ እንደ ቂጣ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ቤተ ሙከራው የአጉሊ መነጽር ማስቀመጫ ጠረጴዛ ገዛ፤ አጉሊ መነጽሩ ግን አልተገዛም። ቴአትር ክፍሉ የመድረክ መጋረጃ ግማሹን ገዛ። መጋረጃው ሲዘጋ በግራ ያሉት ተዋንያን ይሸፈናሉ፣ በቀኝ ያሉት ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ወደ ተመልካቹ ፈገግ ይላሉ።

ዘንድሮ ዲሬክተራችን ማዳም ሰዓዳ፣ «ማካፈል ቀረ። ለአንዱ ክፍል ይሰጥና ቢያንስ አንድ ሙሉ ነገር ይኑረን» ብለው ወሰኑ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከሦስቱ ክፍሎች ሁለት ሁለት ሰው። ስድስቱም ለየራሳቸው እንደሚመርጡ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ሰባተኛ ሰው ተፈለገና ማዳም ሰዓዳ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ሙሴ፣» አሉኝ፤ እዚህ ሁሉም ሰው በፈረንሳይኛው ወግ ሙሴ፣ «አቶ» እንደማለት፣ ነው የሚለኝ፤ «እርስዎ ጠላት የለዎትም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ የለኝም» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ለማንም አያደሉም ማለት ነው። ሰባተኛው እርስዎ ነዎት።»

«እሺ፣ ማዳም።»

ከቢሮው ስወጣ የስፖርት አሰልጣኙ ዋይስ ደረጃው ላይ ይጠብቀኛል። ዋይስ ሰፊ ሰው ነው፤ ደረጃው ላይ ሲቆም ደረጃው ያልቃል። ፊሽካው ካንገቱ ወርዶ አያውቅም።

«ዋሪያ!» አለኝ፤ በሶማሊኛ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው። «ሴት ሯጮቻችን ድሬዳዋ ለውድድር ተጋብዘዋል። የባቡርና የጫማ ብቻ ነው የምንፈልገው። ድምፅህ የኛ ነው፣ አይደል?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ግቢው ውስጥ የቴአትር መምህሯ ሐስና ያዘችኝ። ሐስና ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ወደብ ድረስ ይሰማል። «አዳራሽና መብራት ካገኘን ተማሪዎቼን ከተማው ያያቸዋል! ከኛ ጋር ነህ?»

«ኢንሻአላህ።»

ቢሮዬ ስገባ ደግሞ የቤተ ሙከራው ዶክተር ሁመድ ወንበሬ ፊት ተቀምጠዋል። ዶክተር ሁመድ የታጁራ ሰው ናቸው፤ በቀን ከሃያ ቃል በላይ አያወጡም። «ፍሪጅ» አሉኝ። ቆየት ብለው፣ «ሞቷል» አሉ። እኔም ከንፈሬን መጥጬ፣ «ኢንሻአላህ፣ ዶክተር» አልኳቸው። እጄን ጨብጠው ወጡ።

ማታ ለነጂማ ነገርኳት። «ሦስቱንም እሺ አልካቸው?»

«እሺ አላልኩም። ኢንሻአላህ ነው ያልኩት።»

«የአላህን ስም የፍርሃትህ መደበቂያ አታድርገው» አለችኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ሦስት ተክዬ፣ ሦስቱም ላይ እግሬን ሰቅዬ ነበር።

በማግስቱ ዋይስ፣ «የምትመርጣቸውን ልጆች ማየት አለብህ» ብሎ በማለዳ ከተማው ዳር ፔካ 12 ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ሜዳ አለ፤ እዚያ ነው የሚለማመዱት። ቆሜ የማይ መስሎኝ ነበር። ዋይስ ግን፣ «አንድ ዙር ከነሱ ጋር ትሮጣለህ?» አለኝ። መልሴን ታውቁታላችሁ።

ሴቶቹ ልጆች ካይኔ ለመጥፋት ጊዜ አልወሰደባቸውም። እኔ የሥራ ሸሚዜን እንደለበስኩ፣ አፌን ከፍቼ፣ አቧራ እየቃምኩ ወደ መንገዱ ዳር ወጣሁ። አንድ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሹፌር አየኝና ፍሬን ይዞ ቆመ። ውሃ በላስቲክ ይዞ ወረደ።

«ወንድሜ፣ እንካ ጠጣ» አለኝ በአማርኛ። እየተንገበገብኩ ጠጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ባሕር ልትሻገር ነው?»

«አይደለም፣ እኔ...» ትንፋሼ ከዚህ በላይ አላስኬደኝም።

«በዚህ ዕድሜህ የመን ገብተህ ምን ልትሠራ ነው? ልጆች የሉህም? በል ወደ ቤትህ ግባ፣ እኔ አደርስሃለሁ» ብሎ የመኪናውን በር ከፈተልኝ። አንባቢዬ፣ እውነቱን ልናገር፤ «እሺ» ብዬ አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አድርጌ ነበር። ዋይስ ፊሽካውን እየነፋ ባይደርስ ኖሮ ያን ዕለት ምሳዬን ድንበር ተሻግሬ ደወሌ እበላ ነበር። ሹፌሩ ነገሩ ሲገባው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «ይቅርታ፣ በዚህ መንገድ ብዙ ስለማይ ነው» አለኝ። እኔም መሳቁ ቀረብኝ።

ከመወጣጫው ስወርድ ባቴን ሸመቀቀኝና ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ ነው ቆሜ ቢሆን የማላየውን ያየሁት። ሆዳን የምትባል ተማሪ ዙሯን ጨርሳ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታችና ለጓደኛዋ ሰጠቻት። ጓደኛዋ አድርጋው ሮጠች። አንድ ጫማ ለሁለት ሰው። ሆዳን ባዶ እግሯን በጋለው አሸዋ ላይ እያፈራረቀች፣ «ሙሴ፣ እግርዎን ላሽልዎት?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሐስና፣ «ተዋናይ ታሞብኛል፤ ቀላል ሚና ነው፣ ንግግር የለውም» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሚናው የሬሳ ነበር። አባት ሞቶ ልጆቹ ቤቱን ሊካፈሉ ይጣላሉ፤ እኔ አባትየው ነኝ። ነጭ ጨርቅ ለብሼ የመማሪያ ጠረጴዛ ላይ ተጋደምኩ። ተማሪዎች ሊያዩ ተሰብስበዋል። አየር ማቀዝቀዣው ከመሞቴ በፊት ሞቷል።

አንዲት ረሕማ የምትባል ተማሪ የሟቹን ሴት ልጅ ሆና መጥታ ከላዬ ቆመች። ረሕማን አውቃታለሁ፤ አፏ ስለሚያዝ መዝገብ ክፍል መጥታ ስሟን እስክትነግረኝ ሁለታችንንም ያልበናል። አሁን ግን፣ «አባቴ፣ ቤቱን ለነሱ ተውላቸው፤ ለኔ ድምፅህን ተውልኝ» ብላ ስትጀምር ቃሉ ሳይደናቀፍ እንደ ውሃ ወረደ። ሬሳ ባልሆን አለቅስ ነበር። ልክ በዚህ ሰዓት ያ የፔካ 12 ባቴ ሸመቀቀኝ። ቻልኩት። እንደገና ሸመቀቀኝ። «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ከጠረጴዛው ላይ ተነስቼ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ጩኸቱ! ፊት የነበሩት በበሩ ወጡ፣ ኋላ የነበሩት አጨበጨቡ። ረሕማ ብቻ ፈዛ አልቀረችም። «አባቴ ተነስቷል፤ እንግዲህ ቤቱን እሱ ያካፍላችሁ!» ብላ ወንድሞቿ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ሐስና ከደስታዋ ብዛት፣ «ይህን ቴአትሩ ውስጥ እናስገባዋለን» አለች።

እስካሁን የጎዳሁት ራሴን ብቻ ነው። ሦስተኛው ግን ያሳፍረኛል።

የቤተ ሙከራው ፍሪጅ ስለማይሠራ ዶክተር ሁመድ የተማሪዎቹን የደም መመርመሪያ ፈሳሽ ቤታቸው ባለው ፍሪጅ ነበር የሚያቆዩት፤ ከዓሣውና ከማንጎው ጋር። የተግባር ፈተና ዕለት እሳቸው ማለዳ ክፍል ስለነበራቸው፣ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ፈሳሹን በረዶ በተሞላ ሳጥን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። «አይሙቅ» አሉኝ። ይኸው ነው ትእዛዙ። እሺ አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰኔ ነው፤ መንገዱ በኮንቴይነር ጫኝ መኪኖች ተዘግቷል፤ አየሩ ይቆረሳል። ከጎኔ ያለች እናት ሳጥኑ ውስጥ በረዶ መኖሩን አየች። «ወንድም፣ ለዚህ ሕፃን አንዲት ቁራጭ...» እንዴት ይከለከላል? ሰጠኋት። ከኋላዋ ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ፤ ለሽማግሌ አይከለከልም። ረዳቱ፣ «እኔስ?» አለ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። መርቀውኛል፤ ሁሉም መርቀውኛል። አንዱ እንዲያውም፣ «እንዳንተ ዓይነት ሰው በከተማው አልቀረም» አለኝ። ስወርድ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ምርቃትና ለብ ያለ ውሃ ነበር።

ዶክተር ሁመድ ብልቃጡን አንስተው በመዳፋቸው ያዙት። ዝም አሉ። ለወትሮው ዝምታቸውን እወደው ነበር። «ፈተናው የለም» አሉ ለተማሪዎቹ። አሥራ አራት ተማሪዎች ነጭ ጋዎናቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከነሱ መሐል ሆዳን አለች፤ ያቺ እግሬን ያሸችኝ። ጋዎኗን ቀስ ብላ አወለቀችና አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ዶክተሩ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ሌሊቱን ያሰብኩት ብልሃት ምን መሰላችሁ? ወረቀቱን ባዶውን አጥፌ መስጠት። ማንንም አልከዳሁም ማለት ነው! ማዳም ሰዓዳ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ሁለት ስፖርት። ሁለት ቴአትር። ሁለት ቤተ ሙከራ። ሰባተኛውን ገለበጡት፣ በብርሃን አዩት።

«ባዶ ነው» አሉ።

ዋይስ ወደ ሐስና ዞረ። «ከናንተ ነው?»

«ከኛ? እኛ ሦስት ነበርን!» አለች ሐስና። «ሙሴ ለኛ ቃል ሰጥቶኛል!»

«ለናንተ? ለኔ ነው እንጂ! ደረጃው ላይ!»

ዶክተር ሁመድ ጣታቸውን አነሱ። «ለኔም» አሉ።

ስድስት ሰው ወደ እኔ ዞረ። መሬት ብትከፈት እሺ ብዬ በገባሁ፤ ግን መሬትም አልጠየቀችኝም። ዋይስ ተነሳ፤ ክፍሉ ጠበበ። «ዋሪያ፣ ዋሽተኸናል?»

«አዎ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ከወጣ በኋላ ግን ሌላውም ተከተለው። «ሦስታችሁንም ፈርቼ ነው። ደግሞ ለማንኛችሁ እንደምመርጥ እስከዚች ሰዓት አላውቅም፤ ሦስታችሁንም አይቻለሁና። ዋይስ፣ ልጆችህ በአንድ ጫማ ሁለት ሆነው ይሮጣሉ፤ ባዶ እግሯን የቀረችዋ አሸዋው ላይ ስትዘል አይቻለሁ። ሐስና፣ ረሕማ መዝገብ ክፍል ስሟን መናገር ያቅታታል፤ አንቺ ጋ ግን ሬሳ ስታስነሳ ሰምቻለሁ። ዶክተር...» ወደ ዶክተር ሁመድ ዞርኩ። «የተማሪዎቹን ፈተና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በረዶውን ሚኒባስ ውስጥ አድዬ ጨረስኩት። ፍሪጅ ቢኖር ግን የአሥራ አራት ሰው ፈተና በእንደኔ ዓይነት ሰው ጭን ላይ አይመጣም ነበር።»

ማዳም ሰዓዳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዋይስ፣ ቤተ ሙከራውን አይተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? የለም።»

«ሐስና፣ ፔካ 12 ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ልሠራ?»

«ከዚህ ሁሉ ሰው ሦስቱንም ያየ አንድ ውሸታም ብቻ ነው» አሉ። «በሉ ተነሱ። ነገ ሁላችሁም ሁሉንም ታያላችሁ። ድምፁ ከዚያ በኋላ እንደገና ይሰጣል። እርስዎ ግን፣ ሙሴ፣ ከኮሚቴው ወጥተዋል። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ።»

ወጥተዋል! ይህችን ቃል እንዴት ላስረዳችሁ? በሰኔ ቀትር አንገታችሁ ላይ ቀዝቃዛ ፎጣ የጣለላችሁ ሰው ካለ ያውቃታል። አንድ ሰው ተዋርዶ እንዲህ ደስ ሊለው አይገባም ነበር፤ እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ አነከስኩ እንጂ አልተራመድኩም፣ እያነከስኩም እዘፍን ነበር። ነጂማ በሩን ስትከፍት፣ «ተባረርኩ!» አልኳት። እጄን ያዘችና፣ «ከሥራ?» አለች ደንግጣ። «ከኮሚቴ!» ስላት፣ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሻይ ጣደች።

ሁለተኛው ድምፅ ሲሰጥ አልነበርኩም፤ የነገረኝ ዋይስ ነው። ቤተ ሙከራው ሲገባ ያቺን ሯጭ ሆዳንን ጋዎን ለብሳ አገኛት። እዚያ እንደምትማር እንኳ አያውቅም ነበር። የምትሠራውን ሲጠይቃት፣ «ከተመረቅኩ በኋላ ሐኪም ቤት የሰው ደም የምመረምረው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ግን በደህና ፈሳሽ ሠርቼ አላውቅም» አለችው።

«ምን ላድርግ?» አለኝ ዋይስ፣ ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ። «ልጆቼ ጫማ ተዋውሰው አንድ ዓመት ሊሮጡ ይችላሉ። የሰው ደም ግን ተገምቶ አይነገርም። ፍሪጅ ብዬ ጻፍኩ። ለድሬዳዋ ደወልኩና ለከርሞ አልኳቸው።» ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም የፀሐይ መነጽሬን አድርጌ ወደ ሌላው ግድግዳ ዞርኩ።

ማዳም ሰዓዳም ፍሪጅ አሉ፤ አለቀ። ሐስና ብቻ እስከ መጨረሻው ቴአትር ብላለች። «ፍሪጅ ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ካልመረጥኩት ቴአትርን ማን ይመርጠዋል?» ብላ ወጣች አሉ።

ፍሪጁ በሳምንቱ መጣ። ዶክተር ሁመድ በሩን ከፍተው፣ ዘግተው፣ እንደገና ከፍተው ፊታቸውን ብርዱ ውስጥ አስገቡና፣ «እሰይ» አሉ። ፈተናው ተደገመ። አሥራ አራቱም አለፉ። ውጤታቸውን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት በገዛ እጄ ነው፤ ሆዳን ስም ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ረጅም ትንፋሽ ወሰድኩ። ውጤቷን ልታይ ስትመጣ ይቅርታ ጠየቅኳት። «በረዶውን ለማን ነው የሰጡት?» አለችኝ። «ለአንድ ሕፃን፣ ከዚያ ለሁሉም» ስላት ሳቀችና፣ «ሕፃኑ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር» አለች።

ሐስና ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አትለኝም ነበር። በረንዳው ላይ ስንተላለፍ ያ ወደብ የሚደርስ ድምጿ ይጠፋል። ፈረደችብኝ፤ ልክም ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ማዳም ሰዓዳ የከርሞውን ኮሚቴ ስም ዝርዝር ለጠፉ። ሰባተኛ አባል፦ ሐስና። «ያልተመረጠ ክፍል ሰው ማዳላት ምን እንደሆነ ያውቃል» ብለው ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ? በመጀመሪያው ቀን ዋይስ ደረጃው ላይ ጠበቃት። በሁለተኛው ቀን ዶክተር ሁመድ ወንበሯ ፊት ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የገዛ ተማሪዎቿ በሯ ላይ ተሰልፈው አየሁ።

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ሳትጠየቅ ተቀመጠች። ሻዬን አንስታ ጠጣችው።

«ሙሴ» አለችኝ፣ በጣም በዝግታ፤ «እንዴት ቻልከው?»

«አልቻልኩትም» አልኳት።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ ወደብ ድረስ ተሰማ።